በሄድፎኑ ያልሰማኋት ሴት

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ቤተሰቡ ውስጥ "ደረቅ" የምባል ሰው ነኝ፣ ሰው ሕልም አየሁ ብሎ ሲመጣ "ማታ ምን በልተህ ነው?" የምል፣ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል ሲሉኝ አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ ገዝቼ የምመጣ፣ እንዲህ ዓይነት ታሪክ በስልክ ሲላክልኝ ደግሞ ሳልጨርሰው የማጠፋ። ይህንን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በሳቅ ነበር የምሞተው፣ ስለዚህ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሥራዬ የስልክ አስተርጓሚነት ነው። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ፣ ወንድሜ ቤት ቁጭ ብዬ እውላለሁ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሐኪም እንግሊዝኛ የማትችል አበሻ ታማሚ ስትመጣበት የእኔ ኮምፒውተር ይጮሃል፣ አነሳለሁ፣ የሱን በአማርኛ ለሷ፣ የሷን በእንግሊዝኛ ለሱ እያልኩ በቀን ስምንት ሰዓት። ሕጉ አጭር ነው፣ የተባለውን ሁሉ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ፣ ለታማሚ ምክር የሚባል ነገር እንዳትሰጪ፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻሽን ሁኚ፣ የጀርባ ድምፅ አይሰማ። እኔን የጣለኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ሳውዝ ሲን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ማታቱው፣ ሚኒባስ ታክሲው፣ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ግድግዳ ይበሳሉ፣ የወንድሜ ልጅ ማክዳ፣ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በሩን በርግዳ "አክስቴ፣ ኩጃ!" ትላለች፣ ነይ ማለቷ ነው፣ አንዴ እንደውም አንዲት ሴት ዕጢ አለብሽ እየተባለች ሳለ ገብታ ዘፈነችብን። ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ ሦስተኛው ከመጣ ስንብት ነው።

ይህ ሥራ ለኔ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ኪሌሌሽዋ ሠፈር አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰሃን አጥቤያለሁ፣ እጄ በሳሙና ተልጦ፣ ከቀኝ እግሬ ወደ ግራ እየተቀያየርኩ ቆሜ። በተማርኩት ትምህርት፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነው፣ እና ወደዚያ ጓዳ ከምመለስ ሞቴን እመርጥ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሥልጠና ላይ የተዋወቅኳት አንዲት ጓደኛዬ ጉዴን ስትሰማ "አንቺ ሞኝ፣ ጥፋቱ የሄድፎንሽ ነው" አለችኝ። የኔው ጆሮ ላይ ለጥፈው የሚያስቀምጡት ስስ ስፖንጅ ነበር፣ የውጪው ሁሉ ይገባል፣ ታማሚዋን ለመስማት ድምፁን እከፍታለሁ፣ እኔም ሳላውቀው እጮሃለሁ። "ጀርባው ድፍን የሆነ፣ ጆሮሽን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ፣ አፍ አጠገብ ማይክ ያለው ግዢ፣ ግን ስምንት ሰዓት ስለምታደርጊው ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ሳታደርጊው እንዳትከፍዪ" አለችኝ።

መሐል ከተማ፣ ኤሌክትሮኒክስ በሚሸጥበት መንገድ፣ አንድ ሱቅ ገብቼ በርጩማ አምጡልኝ አልኩ። ሻጩ ቀጭን ጎረምሳ ነው፣ "ዳዳ፣ ሂዚ ኒ ንዙሪ ሳና፣ እህቴ ይሄ በጣም ጥሩ ነው" እያለ ሁሉንም ጥሩ ነው የሚል ዓይነት። የመጀመሪያው ጭንቅላቴን እንደ ሎሚ ጨመቀኝ፣ መነጽሬ ጆሮዬ ሥር ገብቶ ሊበሳኝ ደረሰ። ሁለተኛው ድምፁ ግሩም ነው፣ ክብደቱ ግን አንገቴን ሰበረኝ። ሦስተኛው ቆዳ መሰል ነገር ለብሶ በአሥር ደቂቃ ጆሮዬን በላብ ዘፈዘፈው። ልጁ ሰዓቱን ማየት ጀመረ፣ እኔ ደግሞ ሲያቻኩሉኝ ይብስብኛል፣ አራተኛውን አምጣ አልኩት።

አራተኛውን ሳደርገው መንገዱ ጠፋ። ሌላ አባባል የለኝም። ትራሱ ጥልቅ ነው፣ ከጨርቅ የተሠራ፣ ጆሮዬ ውስጡ ገብቶ ምንም አልነካውም፣ መነጽሬን አልተጫነውም፣ ማድረጌንም ረሳሁት፣ ሻጩ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ አያለሁ እንጂ አንዲት ቃል አይሰማኝም። አሮጌ ነው፣ የሞተ ሰው ንብረት ነው ምናምን እንዳትሉኝ፣ ካርቶኑን የቀደድኩት፣ ላስቲኩን የገፈፍኩት እኔው በገዛ እጄ ነኝ።

የምሠራበት ክፍል ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ያለችው የሠራተኛ ክፍል ናት፣ ጠባብ፣ ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታክል መስኮት ያላት። በሩ ከውስጥ የሚዘጋበት ተሰብሯል፣ ማክዳ ደግሞ እጀታ መክፈት ተምራለች፣ ስለዚህ የወንድሜ ሚስት ሰናይት ፈረቃዬ ሲጀምር ከውጭ ትቀረቅርብኛለች፣ በየሁለት ሰዓቱ መጥታ ትከፍትልኛለች። "እስረኛዬ፣ ሽንት የለም?" ትለኛለች። እንስቃለን።

የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። ጆሮዬ አያምም፣ ራሴን አይፈልጠኝ፣ ማታቱ የለ፣ ማክዳ የለች። ከዚያ ትንንሽ ነገሮች መምጣት ጀመሩ። አንድ ሹፌር የሆነ ሰው፣ ስለ ወገቡ ሐኪም እያናገረ፣ "ሁለት ናችሁ እንዴ?" አለኝ፣ አንድ ነን አልኩት፣ "እሺ" ብሎ ወደ ወገቡ ተመለሰ። በማግስቱ አንዲት ወላድ "ጓደኛሽን አመሰግናለሁ በያት" ብላኝ ዘጋች። መስመር ተደበላልቆ ይሆናል አልኩ፣ ይደባለቃላ! ሦስተኛው ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ስክሪኔ ጥግ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ፣ ማይኩ ድምፅ ሲገባው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዝም ስል ይተኛል። ጥሪ እየጠበቅኩ፣ አፌን ዘግቼ፣ ጥፍሬን እየሞረድኩ ሳለ ያ መስመር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለ፣ ቆም አለ፣ ደግሞ ቀጠለ፣ ልክ ሰው ሲያወራ እንደሚያደርገው። ሄድፎኑን አወለቅኩ፣ ምንም የለም። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ጥሪ መጣ። ሐኪሟ ሴት ናት፣ የምትቸኩል፣ ታማሚዋ አንዲት እናት፣ ድምፃቸው የደከመ፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ልጃቸው ሥራ ላይ ነች፣ ስልክ አታነሳም። የስኳር ሕመም እግራቸውን አቁስሎታል። ሐኪሟ "እግሯ ዛሬ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ቁስሉ ደሟን ይበክላል፣ ልትሞት ትችላለች፣ ትፈርማለች ወይ?" አለች፣ እኔም ቃል በቃል ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ያለ እግር ቤተ ክርስቲያን እንዴት ልሳለም?" አሉ፣ እሱንም ተረጎምኩ። ከዚያ ተነፈሱና "ይሁን እንግዲህ፣ ካላችሁ ይሁን፣ ወረቀቱን አምጡት" አሉ። በእንግሊዝኛ ልናገር አፌን ስከፍት፣ "እ? ምን አልሽኝ ልጄ?" አሉ።

እኔ ምንም አላልኩም።

"እንዴ፣ አሁን እኮ ፈርሚ ስትይኝ አልነበር? ደግሞ አትፈርሚ ትይኛለሽ?" አሉ እማማ። ስክሪኔን አየሁ፣ አረንጓዴው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ፣ እመኑኝ፣ ከንፈሬ ዝግ ነው፣ ጥርሴ ግጥም ብሏል፣ መስመሩ ግን ያወራል፣ ያወራል፣ እማማም "እህ... እህ... እሱስ ልክ ነሽ" ይላሉ።

"ምን እያለች ነው?" አለች ሐኪሟ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ነገሩ። ሕጉ የተባለውን ሁሉ ተናገሪ ይላል። "ታማሚዋ እኔ ካልሆንኩ ሰው ጋር እያወራች ነው" ብዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ነበረብኝ፣ አንዲት ብቻ፣ ሐኪሟ ሌላ አስተርጓሚ ትጠራ ነበር። ግን ከዚያስ? ክፍልሽ ውስጥ ማን አለ ይሉኛል፣ ታማሚ የመከረው ማነው ይሉኛል፣ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ፣ ደህና ሁኚ። ያ የምግብ ቤቱ ጓዳ ከነሽታው መጣብኝ። "ታማሚዋ ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች" አልኩ። ዋሸሁ።

የሄድፎኑን አንዱን ጎን ከጆሮዬ አነሳሁ፣ ከኋላዬ ዝናቡ ብቻ፣ ዞር ለማለት ግን አልደፈርኩም፣ አንገቴ እምቢ አለኝ። ማይኩን ዘጋሁት፣ ቀዩ ምልክት ወጣ፣ አሁን የኔ ቃል እንኳን ወደዚያ አይሄድም፣ እማማ ግን "እህ" ማለታቸውን አላቆሙም። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ብነሳም ወዴት ልሄድ ነው፣ ሄድፎኑን ብጥለው እማማን ከዚያች ከምታወራቸው ጋር ብቻቸውን ልተዋቸው ነው። ማይኩን መልሼ ከፈትኩና "እማማ፣ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ምንም አላልኩም" አልኳቸው በአማርኛ፣ ሐኪሟ እንዳልገባት እያወቅኩ።

"አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ፣ አላልኩም ማለቱ ላንቺም ይሻላል" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን አጠንክረው "አልቆረጥም። አልፈርምም። በያት" አሉ።

አልኳት። "እንደምትሞት ገብቷታል?" አለች፣ ጠየቅኳቸው፣ "ሁለቴ ነገራችሁኝ እኮ፣ ስንቴ ትጠይቁኛላችሁ?" አሉ፣ እኔም "አዎ፣ ገብቷታል" ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሟ መብቷ ነው አለች፣ አመሰገነችኝ፣ ዘጋችው።

ሄድፎኑን ወርውሬ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ሰናይት በርበሬ እየፈጨች ነበር፣ መፍጫው ይጮሃል፣ አልሰማችኝም፣ ፊቴን ወደ በሩ ለጥፌ፣ ጀርባዬን ለዚያች ባዶ ክፍል ሰጥቼ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም፣ ለኔ ዓመት ነው። በመጨረሻ ስትከፍትልኝ ላብ አጥምቆኛል።

"ውይ በስመአብ! ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ።

"ሰኒ፣ ስሠራ ሰምተሽኛል?"

"መፍጫውን ከመክፈቴ በፊት ነዋ፣ ዛሬማ ብዙ አወራሽ፣ 'አይሆንም፣ አይሆንም' እያልሽ፣ በቁጣ እኮ ነው፣ ታማሚ ላይ እንዲህ ይጮኻል እንዴ ብዬ ገርሞኝ ነበር።"

አይሆንም የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፣ እስከ ዛሬ ባስበው ባስበው አልወጣም። ማታ ነገሩን ስነግራት ሰናይት ጠበል ይዛ መጣች፣ "ኤሌክትሮኒክስ ላይ ጠበል ይረጫል እንዴ?" ብዬ ተቆጣኋት፣ ግን አልሳቅኩም።

በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤቱ የሥራ ጥራት ግምገማ መጣ። የጀርባ ድምፅ፣ ምንም የለም፣ ሙሉ ነጥብ። ማስጠንቀቂያዎቼ ተነሱ። ሄድፎኑን ለምን አልጣልሽውም ትሉኝ ይሆናል፣ ሥራዬን ያተረፈልኝ እሱ ነዋ! አሁንም አደርገዋለሁ፣ ስምንት ሰዓት፣ ምቾቱን ልክድ አልችልም፣ ሰናይትም ከውጭ ትቀረቅርብኛለች፣ መስመሩ በራሱ ሲንቀሳቀስም ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

እማማ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፣ የሰው ነፍስ እጃችን ላይ አስቀምጠው ይዘጉታል፣ ስም አይነገረን፣ ቁጥር አይታይ፣ ደውሎ መጠየቅ ክልክል ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፣ አልተናገርኳትም፣ ለሥራዬ ብዬ። ሌሊት ስነቃ እሷን በእንግሊዝኛ እደጋግማታለሁ።

ስለዚህ አሁን የአንዲት እናት የደከመ ድምፅ መስመር ላይ በመጣ ቁጥር ሐኪሙ ሳይጀምር ሕጉን ጥሼ "እማማ፣ እግርዎ እንዴት ነው?" እላለሁ። አብዛኞቹ ግራ ይገባቸዋል፣ "እኔን ያመመኝ ዓይኔ ነው" ይላሉ፣ አንዷ "እግሬ ደህና ነው፣ ጎሽ የኔ ልጅ" ብለው መረቁኝ። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ አንዲት እናት መስመር ላይ መጡ፣ ድምፃቸው እሳቸውን ይመስላል፣ አይመስልም፣ መማል አልችልም። "እማማ፣ እግርዎ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"አሁን ነገርኩሽ አይደል እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

መስመር ላይ ከገባሁ የተናገርኩት ያችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር።