የታጠበው ጥቅል

ቆርቆሮው ባዶ ነበር።

ጓዴ ክዳኑን ሁለት ጊዜ ገልብጦ አየው። ከዚያ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ፊልም አሳዪው እሱ ነው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ፊልም በአምስት ጥቅል በመኪና ጭኖ መጥቷል። ትናንት አመሻሽ ላይ አምስቱንም ለብቸና ሕዝብ አሳየ። ዛሬ ጠዋት አራት ቀሩ። ነገ ሞጣ ይጠብቀዋል።

የብቸናው ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ ታዘበው፣ ቆቡን አውልቆ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

“የጠፋው የትኛው ነው?”

“ሦስተኛው። ለቅሶው ያለበት።”

ሃምሳ አለቃው ለቅሶውን አልረሳውም። ግፊያ ሊያስቆም በር ላይ ሳለ አይቶታል። አንዲት እናት በልጇ አስከሬን ላይ ሙሾ ታወርዳለች። የብቸና ሴቶች ፊልም መሆኑን ረስተው፣ ተነሥተው፣ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። እሱም ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር።

“እስከ ነገ ካልተገኘ እኔ አለቀልኝ፤” አለ ጓዴ። “ሌላ ቅጂ የለውም።”

መጀመሪያ የተጠረጠሩት የቅኔ መምህሩ፣ የኔታ አካለ ወልድ ናቸው። ትናንት አዳራሹ በር ላይ ቆመው ፊልሙን ሲያወግዙ ሁሉም ሰምቷል።

“የኔታ፣ ፊልሙን አውግዘዋል አሉ፤” አላቸው ታዘበው።

“አውግዣለሁ። ዛሬም አወግዛለሁ። ሙት ሳይኖር ሙሾ ነውር ነው።”

“ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ የት ነበሩ?”

“ከተማሪዎቼ ጋር። አርባ ምስክር አለኝ፤ ግማሾቹ ግን እያንቀላፉ ነበር።”

ታዘበው ሳቁን ዋጠ።

“ደግሞስ አንተ ልጅ፣” አሉ የኔታ፣ “እኔ ብሰርቅ አምስቱንም ነው እንጂ፣ አንዱን ለይቼ ምን ላደርገው?”

ይህ ነገር ሃምሳ አለቃውን እስከ ሆቴሉ ተከተለው። ከፊልሙ በፊት አጭር ቴአትር የሚያሳዩት ሁለት ተዋንያን ያረፉት እዚያ ነው። አንደኛዋ ጥሩአየሁ የፊልሙ ዋና ተዋናይት ናት። ሁለተኛዋ ባንቺዓለም እናቲቱን ሆና የሠራችው ናት፤ ትውልዷ ሞጣ ነው። ጥሩአየሁን ብቻዋን በረንዳ ላይ አገኛት።

“ሕዝቡ ለባንቺዓለም ሲያለቅስ ከፍቶሻል ይባላል።”

“ከፍቶኛል። ፊልሙ ላይ ስሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀሱልኝም።” እግሯን አነባበረች። “ግን ልስረቅ ካልኩ ሁለተኛውን ነበር የምሰርቀው። እዚያ ላይ እንዴት ወፍሬ እንደወጣሁ አላየኸኝም?”

ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ባዶውን ቆርቆሮ አነሣው።

“ጓዴ፣ ይህ እኮ አራት ቁጥር ነው።”

ጓዴ አንገቱን አከከ። “ትናንት ስቸኩል ሦስተኛውን በአራተኛው ቆርቆሮ ከትቼው ነው።”

“ሌባው ግን አልተሳሳተም።”

የቀሩትን አራት ጥቅሎች አንድ በአንድ ከፈቱ። የሁሉም ጫፍ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ሌባው ቁጥር አላነበበም። እያንዳንዱን ብርሃን ላይ ይዞ ሥዕሉን ፈልጓል። የፈለገው ጥቅሉን ሳይሆን ለቅሶውን ነው።

ያን ጊዜ ታዘበው አንድ ድምፅ ትዝ አለው። ሙሾው ሲወርድ አጠገቡ የቆመች ሴት “ይኼማ የማናዬ ነው” ብላ ነበር። የሞጣዋ ቅቤ ነጋዴ አየሁሽ ናት። ገበያ ላይ አገኛት።

“ማናዬ ማነው?”

“የእማሆይ ወለተ ገብርኤል ልጅ። ሲሞት እናቱ በዚያ ሙሾ አለቀሱለት፤ እኔም ለቅሶው ላይ ነበርሁ። የአንዱን ሙሾ ለሌላ ሰው ማን ይላል? የሟቹ ነው።”

“ይህን ለማን ነገርሽ?”

“ለልጃቸው ነዋ፣ ለባንቺዓለም። ትናንት ከአዳራሹ ወጥታ ስትስመኝ ‘የወንድምሽን ሙሾ ለፊልም መኪና ሸጥሽው ወይ?’ አልኋት። ቀልዴን እኮ ነው።” ሚዛኗን አስቀመጠች። “ፊቷ ሲጠቁር ባየሁ ጊዜ ምላሴን በቆረጠው ብያለሁ።”

ባንቺዓለም በሆቴሉ ጓሮ ሳፋ ፊት ተቀምጣ ነበር። ውኃው ይተንናል፤ ጥላሸት መስሏል። ከጎኗ እንደ መስተዋት የጠራ የፊልም ጥብጣብ ተቆልሏል። ታዘበው አንዱን ጫፍ አንሥቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። ሥዕሉ በፍል ውኃ ታጥቦ ወጥቷል፤ ከዳርና ዳሩ ቀዳዳ በቀር ምንም የለበትም።

“እኅቴ፣ ጨረስሽው?”

“ትንሽ ይቀረኛል።”

“ለምን ወንዝ አልጣልሽውም?”

“ሰው ያገኘዋል ብዬ ነዋ።” እጇን በቀሚሷ አደረቀች። “አሥራ አንድ ዓመት መድረክ ላይ ሠርቻለሁ። ትሪ ይዤ እገባለሁ፤ ‘እንግዳ መጥቷል’ ብዬ እወጣለሁ። አዋላጅ ሆኛለሁ፣ የሙሽራ አክስት ሆኛለሁ። ስሜ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አያውቅም። ፊልም ሲመጣ ‘አንቺ የጎጃም ልጅ ነሽ፣ አልቅሺልን’ አሉኝ። የጻፉልኝን አልኩት፤ አልሆነም። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በአራተኛው የእናቴ ሙሾ ከአፌ ወጣ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ብዬው አላውቅም። ካሜራው አራት ደቂቃ ከፊቴ አልተነሣም።”

“ደስ አለሽ?”

“በጣም። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ሞጣ እንደምንሄድ የሰማሁት እዚህ ከደረስን በኋላ ነው። እናቴ ሐዘናቸው ጨዋታ ሆኖ ከሚሰሙት...” አልጨረሰችውም።

ጓዴ ከኋላ ደርሶ ጥብጣቡን አየ። ይጮኻል ብለው ሲጠብቁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ያጠብሽው እኮ ራስሽን ነው፤” አላት።

ሞጣ ላይ ትርኢቱ እንዳይቀር ታዘዘ። ክሱን አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት እንዲያየው ተባለና ታዘበው እስከ ሞጣ አብሮ ተሳፈረ።

በማግስቱ አራቱ ጥቅሎች ታዩ። ሕዝቡ አጨብጭቦ ወጣ። ፊት ወንበር ላይ አንዲት መነኩሲት ብቻ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀሩ። እማሆይ ወለተ ገብርኤል ናቸው።

“ባንቺ፣ መቼ ነው አንቺ የምትወጪ?”

“የእኔ ተበላሽቷል፣ እማዬ።”

“አየሁሽ የማናዬን ትላለች ብላ ላከችብኝ።”

“ተቆጡ?”

“ለምን እቆጣለሁ? ከመነኮስሁ ወዲህ ሙሾ ተውሁ። ስተወው ጊዜ ጠፋኝ። መጀመሪያው ይመጣልኛል፤ ሌላው የለም። አንቺ ዘንድ አለ ሲሉኝ፣ ዛሬ እሰማዋለሁ ብዬ ከጧት ጀምሬ ተቀምጫለሁ።”

ታዘበው በሩን ይዞ ቆመ። ትናንት ጓሮው ውስጥ እናቷን ስታነሣ ፊቷ ሲጠቁር እሱም አይቷል። ‘እናትሽን ጠይቂያቸው’ ለማለት ፖሊስ መሆን አያስፈልግም ነበር።

“በይ አሁን በይልኝ፤” አሉ እማሆይ።

ባንቺዓለም እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ድምፅዋ አነስ ብሎ ወጣ።

ሣቁን ከደጅ ሰምቼ በሬን ብከፍትለት፣
ነፋስ ገብቶ ወጣ ጌታዬ የለበት።

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይኼን አውቀዋለሁ። ቀጥሎስ?”

ባንቺዓለም አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ዓይኗ ነጩ ሸራ ላይ ቀረ።

“ቀጥሎ...” አለች።

እናቷ ጆሯቸውን አስጠግተው ጠበቁ።