ከግድግዳው በኩል የተንኳኳው በር

ይህ ነገር ያስከፈለኝ ጉርድ ሾላ ዋናው መንገድ ዳር የነበረውን ሱቄን ነው፣ ስምንት ዓመት የሠራሁበትን። ጋኔን ምናምን ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ፤ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እንኳ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያላወለቅኩት ደንበኛ ስለሚያምነው ነው።

የምሸጠው በር ነው። ሦስት ሰው የሚሸከመው የብረት በር፣ ከነመቃኑ፣ በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ መሀሉ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ቀጭን መተላለፊያ ነው። የዚያን ቀን ባለቤቴ ሰናይት መተላለፊያው መጨረሻ ድረስ ገብታ ቁልፎቹን ከየበሩ ጋር ታመሳክር ነበር። ቀትር ነው፣ መብራት ጠፍቷል። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ከጎረቤቴ ከሰይድ ጋር አወራለሁ፣ ቀለም ነጋዴ ነው፣ የወሎ ልጅ፣ ምላሱ የማያርፍ።

ከውስጥ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በትህትና። እኔ ደግሞ ነጋዴ አይደለሁ፣ ሳላስብ «ይግቡ! ይግቡ፣ ዋጋ ላይ እንስማማለን!» አልኩ።

ሰይድ አየኝ። «ታዴ፣ የሱቁ በር እኛ የቆምንበት ነው። ማንን ነው ይግቡ ያልከው?»

«ሰናይት ናታ።»

«ሰናይትን አንቱ ማለት የጀመርከው መቼ ነው?»

ይሄኔ ሰናይት ከውስጥ ተጣራች፣ «ታደሰ፣ ማነው የሚያንኳኳው? ከግድግዳው በኩል ነው'ኮ!»

እመኑኝ፣ ሰናይት አጠገብ ከቆመው በር ጀርባ ብሎኬት እንጂ ሌላ ነገር የለም። ግን እጀታው ሲወርድ አየሁት፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ፣ አሁን በትህትና አይደለም፣ ግባ ተብሎ የተዘጋበት ሰው እንደሚያደርገው በንዴት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው በር። ከዚያ የሁለቱም ረድፍ እጀታ ሁሉ። በሮቹ ከግድግዳው እየተላቀቁ ወደ መሀል ማዘንበል ጀመሩ፣ ወደ እሷ።

«ነይ ውጪ!» ብዬ ጮህኩ።

«እግሬ እምቢ አለኝ!»

«ተይ፣ እዚያው ቆዪ፣ እኔ እመጣለሁ» አላት አንድ ሰው ከጥጉ፣ በእኔ ድምፅ። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ሰይድ ይህን ሲሰማ ቢስሚላህ እያለ አስፋልቱ ጋ ደረሰ፣ አልፈርድበትም፣ እኔም ሁለት እርምጃ ተከትዬዋለሁ።

ከዚያ ማተቤን ጨብጬ ቆምኩ። «ክርስቶስ ሆይ፣ እኔን አታውቀኝ ይሆናል፣ እሷን ግን በደንብ ታውቃታለህ» አልኩ፣ ጸሎቴ ይቺው ናት። ድፍረት ሲመጣ ፍርሃት ይሄዳል ያሉኝ ሰዎች ዋሽተውኛል፤ አልሄደም፣ አብሮኝ ገባ። በስመ አብ እያልኩ፣ በጎኔ ተሽሎክልኬ አለፍኩ፣ እጀታዎቹ ጎኔን እየቀጠቀጡኝ። ጆሮዬ ሥር የራሴ ድምፅ «አንተው አይደለህ የጠራኸኝ?» አለኝ፣ እንደተበደለ ሰው። የሰናይትን እጅ ያዝኩ፣ ጎተትኳት፣ ደጃፉን እንዳለፍን ከኋላችን በሮቹ ሁሉ ባንድ ላይ ወደቁ።

ሰይድ ውሃ ይዞ መጣ፣ ግን ደጃፉን አልረገጠም፣ ከሩቅ ዘረጋልን። ሰናይት ጠጥታ ትንፋሿ ሲመለስ፣ ግራ እጇን አገላብጣ እያየች፣ «አንተ ቀኜን ነው የያዝከው» አለችኝ። «በግራዬ ይጎትተኝ የነበረው ማነው?»

«ወዴት? ወደ ውስጥ?»

«አይ፣ ወደ ውጪ። ካንተ እኩል።»

የንስሐ አባታችን በግራዋ የጎተታት እግዚአብሔር ነው ይላሉ፣ ሰናይትም እንዲያ ታምናለች። እኔም ብዙውን ቀን አምናለሁ።

ሰናይት ደህና ናት። ሱቁ የለም፣ ከዚያ ቀን በኋላ ገብቼ መሸጥ ስላልቻልኩ ለቀቅኩት። አብሮን የወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም።