ባለቁጥሩ ቬፕ

«አንዴ ብቻ ሳቢው» አለች ዴሻኒ። «ከዚያ በኋላ ያቺን እስክሪብቶሽን ዞር ብለሽም አታያትም።»

ቲሩሻ እጇን አልዘረጋችም። ሁለቱም በዋና ልብሳቸው ላይ የትምህርት ቤቱን ሹራብ ደርበው ከመዋኛው ጀርባ ባለው መጸዳጃ ቤት ተደብቀዋል። የእሷ ቬፕ፣ እስክሪብቶ የሚመስለው የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ቀጭን ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ቁጥር የለው፣ መሳብ ብቻ። ይኼኛው የዴሻኒ ግን ወፍራም ነው፤ ፊቱ ላይ ቁጥር ይበራል፣ በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ኃይሉ ይጨምራል። አሁን ስልሳ ይላል።

«ለምን እኔን አስቀደምሽ?»

«ጓደኛዬ አይደለሽ እንዴ?»

ዴሻኒ አንድ ሳምቡሳ ለሁለት ስትካፈል እንኳ ፊቷ የሚጠቁር ልጅ ናት። ደግነቷ የመጣው ደግሞ ለደርባኑ የዋና ውድድር በቀረችው አንዲት ቦታ ሁለቱ ሊፎካከሩ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው።

«ምን ሞላሽበት?»

«ያንኑ የማንጎውን። ሌላ ምን አለን?»

የማንጎው ፈሳሽ የቀጭኑ ነው፤ ኒኮቲኑ ከባድ ነው። የዴሻኒ የአክስት ልጅ ፕራናቭ ቬፕ በሚሸጥበት ሱቁ ቆመው ሳሉ ነግሯቸዋል። «እናንተ ልጆች፣ በትልቁ የሚሞላው ቀላሉ ነው። ይኼን ከሞላችሁበት ሆዳችሁ ይገለበጣል፣ ምድር ትዞርባችኋለች።» ዴሻኒ ያኔ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ነበር። ሰምታለች? አልሰማችም? ቲሩሻ ፊቷን አጥንታ ምንም አላገኘችበትም።

«አንቺ ቅደሚ» አለቻት።

«ውይ፣ መርዝ መሰለሽ?» ዴሻኒ ሳቀች። «ፈሪ።» ረጅም ሳበች፤ ደገመች። ጢሱን፣ በትምህርት ቤቱ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ተነፈሰችው።

ቲሩሻ «ተይ» ልትላት ትችል ነበር። አላለችም። ማየት ፈልጋ ነበር።

ፊሽካ ተነፋ። ዴሻኒ ቬፑን ሹራቧ ውስጥ ጠቅልላ ወጣች፤ በሩ ላይ ግን ግድግዳውን ያዘች። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አታካብጂ።» ምራቋን ዋጠች። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው።»

ዴሻኒ የምሯን ነበር። ያን ጊዜ ፕራናቭን አልሰማችውም ነበር ማለት ነው። የሰማችው ቲሩሻ ብቻ ናት።

«ምን ትጎተታላችሁ?» አለች አሰልጣኛቸው ሚስ ፔሩማል። «ውጡ መነሻው ላይ።»

ሹራባቸውን አግዳሚው ላይ ጥለው ወጡ። ከሥራቸው ያለው ውሃ ጥልቁ ነው። ቲሩሻ ዝም ካለች ያቺ የደርባን ቦታ የእሷ ናት፤ ዴሻኒ በዚህ ሁኔታዋ ግማሹንም አትዋኝም። ከተናገረች ደግሞ ዴሻኒ ከቡድኑ ትባረራለች፤ የእሷም ቀጭን ከተገኘ እሷም ትከተላለች፤ ቬፕ የተገኘበት ቢለምን እንኳ አይመለስም። ወደ ጎን አየች። የዴሻኒ ዓይን የት እንደሚያይ አያስታውቅም።

«ተዘጋጁ።»

ቲሩሻ ወረደች። የዴሻኒን ክንድ ይዛ ወደ ኋላ ሳበቻት፤ ሁለቱም ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ዴሻኒ በደከመ ድምፅ። «ቀናተኛ።»

«ሚስ፣ እንዳትገባ። አሟታል።»

ሚስ ፔሩማል መጥታ የዴሻኒን ግንባር ነካች። «ምን ነክቷት ነው?»

ዴሻኒ ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገሪ ማለቷ ነው። ከዚያ ዞር ብላ አስታወከች።

ቲሩሻ ተነሥታ ወደ አግዳሚው ሄደች። ከተጠቀለለው የዴሻኒ ሹራብ ውስጥ ባለቁጥሩን ቬፕ አወጣች። ቁጥሩ እስካሁን ስልሳ ይላል። ይህን ብቻ ይዛ መመለስ ትችል ነበር፤ የእሷን ቦርሳ ማንም አልጠየቀም።

የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ፣ ከካልሲዋ ሥር የራሷን ቀጭን ቬፕ ፈልጋ አገኘችና ሁለቱን በአንድ እጅ ይዛ ወደ ሚስ ፔሩማል ተመለሰች።