ምልክት የተመታበት የፍሬን ቱቦ

የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው የአቶ ገበያው አስከሬን በመሪውና በወንበሩ መካከል ተጣብቆ ስለነበር እሱን ለማውጣት በሩን በድጅኖ መገንጠል አስፈለገ። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ፒክ አፑ ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መንገዱን ስቶ ገደል ገብቷል።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዓይናዲስ መታጠፊያውን ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደች። ጠጠሩ ላይ ጎማ የተጎተተበት ምልክት አልነበረም።

«ፍጥነት ነው» አለ የትራፊክ ፖሊሱ፣ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ እየሞላ።

«መኪናውን ሳታየው?»

«እዚህ ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜም ፍጥነት ነው፣ ኢንስፔክተር።»

መኪናውን ሊጎትት የመጣው ሽማግሌው መካኒክ ገብረ ሊባኖስ ሰንሰለቱን መሬት ላይ ወረወረው።

«ፍሬኑን ሳታዪ እንዳትሄጂ፣ ልጄ። የእኔን ልጅ ፍሬን ያየለት የለም።»

ከወራት በፊት የሽማግሌው ልጅ ምስጋናው የሚነዳው ሚኒባስ እዚሁ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ አራት ሰው ሞቷል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ ቢምልም ቅጹ ላይ የተጻፈው «ፍጥነት» ነበር፤ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ የፊታችን ዓርብ ያበቃል። አባትየው ሚኒባሱን ፈትቶ ለማየት ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቷል። ሦስት ጊዜም «በኤግዚቢትነት የተያዘ ንብረት አይነካም» ተብሏል። ራሳቸው አይነኩት፣ ሌላውም እንዲነካው አይፈቅዱ! ቢሮክራሲ የሚባለው ሰነፍ ሰው ቁልፍ ይዞ የሚተኛበት አልጋ ነው።

ዓይናዲስ የእጅ ባትሪ ይዛ ራሷ ከፒክ አፑ ሥር ገባች። የፍሬን ዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱት ሦስት የላስቲክ ቱቦዎች አዲስ ነበሩ። አንደኛው ተተርትሮ የጣት ርዝመት ያህል ተከፍቷል። በሦስቱም የናስ ጫፍ ላይ በሹል ብረት የተመቱ ሦስት ነጥቦች አሉ። በማሰሪያዎቹ ሥር የገቡት የመዳብ ቀለበቶች ደግሞ እንደ ወርቅ ያበራሉ።

ጣቢያ ስትመለስ ኮማንደሩ አንድ ሰው አስሮ ጠበቃት። የአይሱዙ ሾፌሩ ካሤ ቅዳሜ ዕለት ገበያ መሐል ሟቹን በጥፊ መትቶታል።

«አንድ ጊዜ ነው የመታሁት» አለ ካሤ። «አሁን ቢነሳ ሁለተኛውን እጨምርለታለሁ።»

«ሰውየው ሞቷል፣ ካሤ። አፍህን ሰብስብ።»

«እሺ፣ ነፍሱን ይማር። የሸጠልኝ የጎማ ኩሽኔታ ሦስት ቀን አልቆየም! ብመልስለት ‹አነዳድህ ነው› አለኝ። ‹ደረሰኝ አለህ?› አለኝ። እሱ በዘመኑ ለማን ደረሰኝ ሰጥቶ ያውቃል?»

«ታዲያ ከእሱ ሱቅ መግዛትህ በምን ይታወቃል?»

«በምልክቱ ነዋ! ሲያስረክብሽ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ሦስት ነጥብ ይመታበታል፤ ሌላ ዕቃ አምጥተሽ እንዳትለውጪበት። ዕቃው የተበላሸ ቀን ግን ምልክቱን አያውቀውም። የእናቱን ፊት ይረሳል!»

ሰው ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር። ካርቶኑ ላይ «ኦርጅናል» ይላል፤ ላስቲኩን በጥፍር ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ሻጩ በእመቤታችን ስም ይምላል። ሌላ ሱቅ ለመሄድ የአንድ ቀን መንገድ ስለሚያስፈልግ ሾፌሩ ስንጥቁን እያየ ይገዛል፤ ከዚያ አሥራ ስምንት ሰው ጭኖ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ይህን ንግድ የሚሉት ሰዎች አሉ። ንግድ ከሆነ፣ ሬሳ ከየገደሉ እየተለቀመ የሚካሄድ ንግድ ነው።

ሟቹ ቤት ባለቤቱ ጥሩሐረግ ከለቀስተኞቹ መሐል ተነሥታ ዓይናዲስን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ገበያው ከሱቁ ዕቃ አውጥቶ መኪናው ላይ አስገጥሞ አያውቅም። ቱቦዎቹን ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣቸው፤ እውነተኞቹን።»

«ለምን?»

ጥሩሐረግ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ልጆቻችን ይሳፈሩበታላ።»

ዓይናዲስ ለአፍታ ጽፋ ማስታወሻዋን ዘጋች። «ማን ገጠመለት?»

«ጋሽ ገብረ ሊባኖስ፣ ባለፈው ሐሙስ። ሌላ ደህና መካኒክ የት አለ? ልጁ ዕቃ የሚገዛው ከእኛ ሱቅ ስለነበር፣ ገበያው ‹ቂም ይይዝብኛል› ብሎ ሽማግሌው ሲገጥም አጠገቡ ቆሞ ነው የዋለው። ከዚያ የፍሬን ፔዳሉ እየሰመጠ አስቸገረው። ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቶበታል ተባለና መኪናውን ሰኞ መለሰለት።»

«ሰኞም ቆሞ ዋለ?»

«ሰኞማ ቀብር ነበረበት። ትቶለት ሄደ። ማታ ፔዳሉ ተስተካከለ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት፣ ሟቹ በተቀበረ ማግስት፣ የሱቁ በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። ከባንኮኒው ጀርባ ደረሰ የሚባለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ለአንድ ሾፌር ዕቃ እየጠቀለለ ነበር።

«ወንድምህ ሳይሰልስ?»

«ሰው ተቸግሮ መጥቶ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

የፈነዳውን ቱቦ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። «ይህ ምልክት የእናንተ ነው?»

«ኧረ እኔ አላውቀውም። ሹል ብረት ያለው ሁሉ ይመታል።»

«ለራሳችሁ መኪና ዕቃ ስታወጡስ ትመቱበታላችሁ?»

«ለራሳችን ምን ያደርግልናል? ከራሳችን ልንለውጥ…» ደረሰ ደነገጠ። «እኔ ምልክት የሚባል ነገር አላውቅም አልኩሽ።»

ከዚያ ወደ ጋራዡ ወረደች። ገብረ ሊባኖስ ያገለገሉ የመዳብ ቀለበቶችን እየለቀመ ወደ ቆርቆሮ ይጥላል።

«ይጣላሉ እንዴ?»

«መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። በተፈታ ቁጥር አዲስ ይገባለታል። አሮጌ የሚመልስ መካኒክ ሌባ ነው።»

«ለማንም ሰው መኪና?»

«ለጠላቴም ቢሆን።» ቀና ብሎ አያት። «ነገ ዓርብ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ መፍቻዎትን ይዘው ጣቢያ ይምጡ።»

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በጣቢያው ግቢ፣ በተጨማደደው ሚኒባስ ፊት ቆሙ፤ ጥሩሐረግ፣ ደረሰ፣ ከእስር ክፍል የወጣው ካሤ፣ ኮማንደሩና ሽማግሌው።

«ጋሽ ገብረ ሊባኖስ፣ የፊተኛውን ጎማ ይፍቱልኝ» አለች ዓይናዲስ።

«ኤግዚቢት ነው!» አለ ኮማንደሩ።

«ፈቃዱን ዐቃቤ ሕግ ዛሬ ጠዋት ፈርሟል።»

ሽማግሌው ተንበረከከ። የዛገው ብሎን ሲንቋቋ እሷ መናገር ጀመረች።

«ገበያው የሞተው ከገዛ ሱቁ በወጡ ቱቦዎች ነው። እሱ ራሱ አስገጠማቸው እንዳንል፣ ልጆቹን በዚያ ዕቃ አይጭንም፤ ባለቤቱ ነግራኛለች። ስለዚህ ሌላ ሰው ለውጦበታል። ደረሰ ቢሆን ኖሮ ከመደርደሪያ ያወጣ ነበር፤ በመደርደሪያ ያለ ዕቃ ደግሞ ምልክት የለውም። ምልክቱ የሚመታው ባንኮኒው ላይ፣ ለገዢ ሲሰጥ ነው። ለዋጩ ደንበኛ ነበር ማለት ነው።»

«ካሤ!» አለ ኮማንደሩ።

«ካሤ ከተናደደ ገበያ መሐል በጥፊ ይማታል እንጂ ከመኪና ሥር ተደብቆ ሦስት ቱቦ አይቀይርም። ደግሞ ሥራውን ተመልከቱ። በየማሰሪያው ሥር አዲስ የመዳብ ቀለበት ገብቷል። ለሞት የተዘጋጀ ቱቦ እንኳ ሲታሰር በወጉ ነው የታሰረው። በዚህ ከተማ ለጠላቱም አዲስ ቀለበት የሚያስገባ አንድ ሰው ነው የማውቀው።»

መፍቻው አልቆመም።

«ሐሙስ ዕለት ገበያው እያየዎት እውነተኞቹን ገጠሙ፤ አየሩን ግን ሆን ብለው አላወጡትም። መኪናው መመለሱ አይቀርም። ሰኞ መኪናውን ትቶልዎት ቀብር ሲሄድ ቱቦዎቹን ለወጧቸው።»

ጥሩሐረግ ጮኸች። ካሤ ያዛት።

«አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነበር» አለች ዓይናዲስ። «በሞረድ አንድ ጊዜ ቢፈገፍጉት ምልክቱ ይጠፋ ነበር። ለምን ተዉት?»

«እንድታዪው ነዋ» አለ ገብረ ሊባኖስ ከጎማው ሳይዞር። «ቱቦዎቹን ከልጄ አደጋ በኋላ ገዛኋቸው፤ ከልጄ ቱቦ ጋር ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው። ለፍርድ ቤት ላሳይ ነበር። ‹ደረሰኝ የለህም› አሉኝ። ገበያውን ‹ሸጬለታለሁ በላቸው› ብዬ ብለምነው ከሱቁ አስወጣኝ። አራት ድሃ ሲሞት ፍሬን የሚያይ ጠፋ፤ ባለሱቁ ሲሞት ያው በዚያው ቀን አየሽለት።»

«ልጆቹ ተሳፍረው ቢሆንስ?»

እጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። በኽምጣኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ካሤ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ጎማው ወጣ። ሽማግሌው እጁን ሰድዶ ቱቦውን ፈታና ወደ ብርሃን አወጣው። ልክ እንደዚያኛው ተተርትሯል። ናሱ ላይ ሦስት ነጥብ አለ።

ዓይናዲስ ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን ደረሰ ፊት ያዘቻቸው።

«አሁን አንተ ነህ የምትፈርደው። ምልክቱ የሱቃችሁ ነው ካልክ፣ የወንድምህ ገዳይ ይከሰሳል፤ ሱቃችሁም በአራቱ ሟቾች ይጠየቃል። አይደለም ካልክ፣ በወንድምህ መኪና ላይ ያገኘሁት ቱቦ ከየትም የመጣ ቱቦ ነው። ሽማግሌው አሁን የተናገረው ብቻውን አያስቀጣውም፤ ቤቱ ይገባል።»

ደረሰ ጥሩሐረግን አያት። እሷም አየችው።

«በል ተናገር» አለችው። «እኔም ስትመቱ አይቻለሁ።»

«የእኛ ነው» አለ ደረሰ፣ ድምፁ ተቆራርጦ። «ሁለቱንም የመታሁት እኔ ነኝ፤ በእጄ።»

ዓይናዲስ በጻፈችው ቃሉ ላይ ፈረመ። ካሤ በምስክርነት ፈረመ። ኮማንደሩ ብዕሩን ይዞ ብዙ ከቆየ በኋላ እሱም ፈረመ።

ገብረ ሊባኖስ ከመሬት ተነሣ። «ይግባኝ መዝገብ ቤት ስንት ሰዓት ይዘጋል?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

በቅባት የጠቆሩ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «በል እሰረኝ» አለው ኮማንደሩን። «አንቺ ደግሞ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? እኔ ጊዜ አለኝ። ሂጂ!»

ዓይናዲስ ቱቦዎቹንና ወረቀቱን ደረቷ ላይ አቅፋ በግቢው በር ወጣች፤ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ መሮጥ ጀመረች።