የፋብሪካ ወይስ የእጅ

ቅዳሜ ጠዋት ነቀምቴ ውስጥ የፈድሉ የስልክ መደብር ሲከፈት፣ ባለቤቱ ከባንኮኒው ኋላ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የበሩ መቀርቀሪያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ስክሪኗ የተሰነጠቀ አንዲት አዲስ ስልክ ተቀምጣለች። ስልኳ የመምህር ጨመዳ ነበረች። ለከተማው ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ከቀትር በፊት ጨመዳ ከሚኖርበት ከሲሬ ተይዞ መጣ።

ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር። ጨመዳ ስልኳን የገዛው ማክሰኞ ዕለት ነው፤ መጽሐፍ ለማይደርሳቸው ተማሪዎቹ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳ ሊልክላቸው። ረቡዕ ስክሪኗ ጠርዝ ላይ ቢጫ እድፍ ብቅ አለ። መስታወቱ ከአካሏ ጋር የሚገናኝበት ቦታም ጥፍር ያስገባ ነበር። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መደብሩ ድረስ ሄዶ ያገለገለ ስልክ ሸጥክልኝ ብሎ ተጣላ። ስልኳን እዚያው ትቶ ሲወጣም በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ እየሰማ፣ «እስከ ነገ ካልቀየርክልኝ ያንተን መልክ ነው የምቀይረው» አለ። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ላይ እጁን ያላነሳ ሰው በአንድ አፍ ነፍሰ ገዳይ ሆነ።

እሑድ በማለዳ ሚስቱ ኢቢሴ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ጣቢያ ደረሰች። ጨመዳ ምግቡን አልነካውም።

«ነገ ጠዋት ቃሌን እሰጣለሁ» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

«የትኛውን ቃል?»

«መታሁት የሚለውን። ካመንክ ይቀልልሃል ይላሉ፣ አብረውኝ የታሰሩት።»

«ሳትመታው?»

«በአይሱዙ ተሳፍሬ ነው ሲሬ የገባሁት። ሹፌሩን አላውቀው፣ ታርጋውን አላየሁ። ካንቺ በቀር ማን ያምነኛል? አንቺ ደግሞ ሚስቴ ነሽ።»

ምሳ ዕቃውን መልሳ ዘግታ ወጣችና ግድግዳውን ተደገፈች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባዋ ግን እምቢ አለ።

«አካም ቡልቴ፣ አደ ኢቢሴ» የሚል ድምፅ ሰምታ ቀና አለች፤ እንደምን አደርሽ፣ ወይዘሮ ኢቢሴ ማለት ነው። አጠር ያለች፣ ሰው ስታነጋግር አንገቷን ወደ ጎን የምታዘነብል ሴት ናት። መዝገቡን የተረከበችው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር ሶረቲ። «ልብስ ሰፊ ነሽ አሉኝ። ስልኳን ከባልሽ ሌላ ያየሻት አንቺ ነሽ። እስኪ እንደ ልብስ ገልብጠሽ ንገሪኝ፤ አንድም ስፌት እንዳይቀርሽ።»

ኢቢሴ ያየችውን ነገረቻት። እድፉ ከላይ፣ በቀኝ ጠርዝ ነው። የቻርጀሩ ቀዳዳ ውስጥ ቀይ አፈር ነበር፤ በመርፌ ልታወጣው ስትል ጨመዳ፣ ማስረጃ ነው ብሎ ከለከላት። ስልኳ ተገዝታ ስትመጣ የምትለብሰውን ስስ ላስቲክም አልላጠውም። በእኛ አገር ማን ይልጠዋል? በራሱ ጊዜ ተጨማዶ እስኪወድቅ ድረስ ስልኩ አዲስ ነው። እንዲያውም ጨመዳ እድፉ እንዳይካድ፣ የተማሪ ደብተር በሚያርምበት ቀይ ስክሪብቶ ላስቲኩ ላይ ክብ አድርጎበታል። ያን ጊዜ ስቃበት ነበር።

ሶረቲ ከፖስታ ውስጥ ስልኳን አወጣች። ላስቲኩ የለም። የቻርጀሩ ቀዳዳም እንደታጠበ ብርጭቆ ንጹሕ ነው። በአጉሊ መነጽር ብዙ ቆይታ አየችውና ስልኳን መልሳ አሸገች።

«አብረሽኝ ነይ» አለቻት፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር።

መጀመሪያ የሄዱት የስልክ ካርቶን ከአዲስ አበባ እያመጣ ለፈድሉ ከሚያስረክበው ከትግሉ ዘንድ ነው። ከዓርብ ጀምሮ ነቀምቴ አርፏል፤ በሆቴሉ በረንዳ ተቀምጦ ጥርሱን ይጎረጉራል።

«የመምህሩ ሚስት» አለ ኢቢሴን ሲያይ። «ባልሽ አንሶሽ እኔን ልታሳስሪ መጣሽ?»

ኢቢሴ መሬት መሬቱን አየች። ሶረቲ እንዳልሰማች ሆና ስለ ፈድሉ ጠየቀችው። ትግሉ እንደተናገረው፣ ሌሎች ደንበኞችም ስልክ ስለመለሱበት ፈድሉ ሐሙስ ደውሎ፣ ካርቶኖችህ ታመዋል፣ ና ብሎታል። የደንበኛ ስልክ ሲበላሽ የፈድሉ ደንብ አንድ ነበር፤ በአጉሊ መነጽር አይቶ የፋብሪካ ወይስ የእጅ ብሎ ይፈርዳል። ሲፈጠር የነበረ ጉድለት ከሆነ ትግሉ ይመልሰዋል፤ ሰው እጅ ውስጥ የመጣ ጭረት ከሆነ ደንበኛው ይችለዋል። ትግሉ ዓርብ ማታ ቢጠብቀው ፈድሉ ሳይመጣ ቀረ።

«አዲስ አበባ ያለው መጋዘን ወለሉ ምንድን ነው?» አለች ሶረቲ።

«ሲሚንቶ ነዋ። ከታሸገበት የሚከፈተው እዚህ ነው።»

ቀጥለው ያደታን አገኙት። ለፈድሉ አሥር ዓመት ስልክ የጠገነ፣ ሬሳውንም መጀመሪያ ያገኘ እሱ ነው። መደብሩ ስለታሸገ ጠረጴዛውን ጎረቤት በረንዳ ላይ ዘርግቷል። ተነሥቶ እጅ ነሣቸው፤ ለኢቢሴም የራሱን ወንበር ሰጣት። እሱ እንዳለው ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ስለወጣ ጠቡን አልሰማም። የመምህሩን ስልክ ያያት ቅዳሜ ጠዋት ከሬሳው ጋር ነው፤ ፖሊስ እስኪመጣ አንድም ነገር አልነካም።

ይህን ሲናገር እጁ ሥራ አልፈታም። የአንድ ደንበኛ ስልክ ይዞ ላስቲኩን ከጥግ ጀምሮ ቀስ ብሎ ላጠና፣ በአንድ ወፍራም ደብተር ገጾች መካከል አስተኛው።

«አትጥለውም?» አለች ሶረቲ።

«የፋብሪካ ላስቲክ እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር። ገበያ ላይ አይገኝም። የሥራ ሰው ያገኘውን አይጥልም።»

«እውነት ነው» አለች አንገቷን አዘንብላ። «ለስልኳ ስንጥቅ የባለሙያ ዓይን ያስፈልገኛል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሣሪያህን በሙሉ ይዘህ መደብሩ ና። የፋብሪካ ወይስ የእጅ እንደሆነ ካንተ ሌላ ማን ይነግረናል?»

ያደታ ደስ አለው።

ኢቢሴ ግን የተሰጣትን ወንበር ትታ ተነሣች። የባሏ ሕይወት አንድ ስልክ ጠጋኝ አፍ ላይ ሊንጠለጠል ነው። መንገድ ላይ ሶረቲን ልትጠይቃት ሞከረች፤ ሶረቲ ክንዷን ያዝ አድርጋ «ሂን ሶዳቲን» ብቻ አለቻት፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። ኢቢሴ ግን ፈራች። በልቧ ዘጠኝ ሰዓትን ሳይሆን ነገ ጠዋትን፣ ባሏ የሚፈርምበትን ወረቀት ታይ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ተሰበሰቡ። ጥቁር የለበሰችው የፈድሉ ሚስት ኸይሪያ ወንበር ላይ፣ ትግሉ በሩ ሥር፣ ያደታ ቦርሳውን ይዞ ባንኮኒው አጠገብ። ጨመዳ እጁ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመ። ኸይሪያ ሲገባ አየችውና ፊቷን አዞረች።

ያደታ ስልኳን በብርሃን አገላብጦ ሲያይ ቆየ። «ይህ የእጅ ነው» አለ በመጨረሻ። «ተወርውራ ነው የተሰነጠቀችው።»

«እኔም እንደዚያው ነው የፈረድኩት። የእጅ ነው» አለች ሶረቲ። «የቀረን የማን እጅ እንደሆነ ማወቅ ነው።»

ከመደርደሪያው ሁለት አዲስ ካርቶን አውርዳ ከፈተች። የስልኮቹን የቻርጀር ቀዳዳ በመርፌ ቧጨረችና ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈች። ወረቀቱ ላይ ቀይ ብናኝ ወደቀ። ኸይሪያ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ፋብሪካ ቀይ አፈር የለውም። የአዲስ አበባው መጋዘንም ሲሚንቶ ነው። እነዚህ ስልኮች ሲሬና አኖ ገበያ ላይ የሰው ኪስ ውስጥ የከረሙ ናቸው። መስታወት ተቀይሮላቸው፣ ላስቲክ ለብሰው፣ በአዲሶቹ ካርቶን ገቡ። አዲሶቹ ሌላ ቦታ ተሸጡ። ፈድሉ ይህን የደረሰበት በመምህሩ ስልክ ነው። ትግሉን የጠራው ካርቶኑ የታመመ መስሎት ነበር፤ ዓርብ ማታ አፈሩን ሲያይ ግን ሕመሙ ከራሱ ቤት እንደሆነ ገባው።»

ሶረቲ የተሰነጠቀችውን ስልክ አነሣች።

«አሁን መምህሩ ተናዶ ተመለሰ፣ ፈድሉን መታ፣ ስልኳን ሰበረ እንበል። ተናዶ የሚሰብር ሰው ግን አስቀድሞ የቻርጀሩን ቀዳዳ በአልኮል አይጠርግም። አፈሩ ለመምህሩ ማስረጃው ነበር። አፈሩን የጠረገው አፈሩ የሚያስይዘው ሰው ነው። ስልኳን ይዞ ቢጠፋ መምህሩ ስልኬ የት ሄደ ይላል፤ ንጹሕ አድርጎ ሰብሮ ቢተዋት ግን ጥፋቱ የመምህሩ ይሆናል።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ አሥር ሰዓት ላይ…» አለ ያደታ።

«ደብተርህን ስጠኝ።»

ሳያመነታ ሰጣት፤ ሁሉንም በአልኮል እንደወለወለ ያውቃል። ሶረቲ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ እያወጣች የእጅ ባትሪዋን በአግድም ታበራባቸው ጀመር። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ላይ የሶረቲ እጅ ቆመ።

«አደ ኢቢሴ፣ እድፉ የት ነበር ያልሽኝ?»

«ከላይ፣ በቀኝ ጠርዝ።»

ሶረቲ ላስቲኩን በተሰነጠቀው ስክሪን ላይ አለበሰችው። ከላይ፣ በቀኝ ጠርዝ፣ ብርሃኑ ሲያርፍበት የጎደጎደ ክብ መስመር ታየ፤ ቢጫውን እድፍ ልክ እንደ ቀለበት ከቦታል።

«የስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል፣ ያደታ። ደብተር የሚያርም ሰው ግን እጁ ይከብዳል፤ የተጫነበት ቦታ አይለቅም። ይህ ላስቲክ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በፈድሉ እጅ ነበር። ስልኳ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ በእኛ እጅ ናት። አንተ ደግሞ ምንም አልነካሁም ብለሃል። መቼ ላጥከው?»

ያደታ ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ነገ መምህሩ ፊት ትናገራለህ አለኝ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሰው ሁሉ ባለበት። ለምኜው ነበር፤ በጉልበቴ ነው የለመንኩት።»

ኸይሪያ አልጮኸችም። «ከቤቴ እኮ ነው ምሳህ የሚሄድልህ» አለች ብቻ። «ሰኞም ልልክልህ ነበር።»

ካቴናው ከጨመዳ እጅ ወደ ያደታ እጅ ተሻገረ። ጨመዳ ወደ ኸይሪያ ጠጋ ብሎ ስለዚያች የዓርብ ቃሉ ይቅርታ ለመጠየቅ እጅ ነሣት። እሷም ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት።

ጣቢያው ቀበቶውን፣ መታወቂያውንና ቀይ ስክሪብቶውን መለሰለት። ስክሪብቶውን ለኢቢሴ ሰጣት። መነኸሪያ ደርሰው የሲሬ መኪና እስኪሞላ ሲጠብቁ ምሳ ዕቃውን ከፈተችለት፤ ሁለት ጊዜ ጎረሰና እጁን ጭኑ ላይ ጣለ።

«ነገ እፈርም ነበር» አላት።

ኢቢሴ እጁን ይዛ የእጅ አንጓውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ካቴናው የተጫነበት ቦታ ዙሪያውን ጎድጉዷል። እስከ ሲሬ ድረስ ስታሸው ሄደች፤ መኪናው ሲቆምም የጎደጎደው ምልክት ገና ጣቷ ሥር ነበር።