«አላለፈም»

ተመራማሪዋና ጣፋጭ ሠሪው የተዋወቁት በጥርጣሬ ነው። በስኳር የተለበጠ ለውዝ ልትገዛ ሱቁ ገብታ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆላው፣ ስኳሩን መቼ እንደሚጨምር፣ እሳቱ ምን ያህል እንደሆነ አንድ በአንድ ስትጠይቀው ማማሰያውን አስቀመጠና ትክ ብሎ አያት።

«የማን ሱቅ ነው የላከሽ?» አላት።

ሳቋ አመለጣት። ከላቦራቶሪ እንደመጣች ነገረችው። ለውዝ የማይስማማው ሰው አንዲት ፍሬ ብቻ ቀምሶ ሊታፈን ይችላል፤ ጥፋቱ ደግሞ የፕሮቲኑ ነው። ለውዝ ከስኳር ጋር ሲሞቅ ስኳሩ ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል። እሷ ማወቅ የፈለገችው፣ ስኳር የተጣበቀበት ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጭና የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ይገባ እንደሆነ ነው። ሰውየው አፉን ከፍቶ ሰማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለውዙን ራሱ ማምጣት ጀመረ፤ የሥራ ባልደረቦቿም «ከረሜላው መጣ» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጧት።

አንድ ቀን ሴሎቿን አሳየችው። የአንጀት ሴሎች ናቸው፤ ትንንሽ ኩባያ ውስጥ፣ ስስ ሽፋን ላይ ተዘርተው፣ ተጠጋግተው ግድግዳ እስኪሆኑ ሃያ አንድ ቀን ይፈጃሉ። ይህን ሁሉ ቀን እየመገበች ትጠብቃቸው እንደሆነ ጠየቃት። ቅዳሜና እሑድም ሳይቀር አለችው። ጎንበስ ብሎ ኩባያዎቹን በየተራ አያቸው፤ ቀና ብሎ ሲያያት እንደወደዳት ከፊቱ ገባት። እሷም ወዳዋለች። ምን ያደርጋል፣ የአባቷ ነገር አለ።

አባቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን አስቀይማ ማግባት አይሆንላትም። እሳቸው ደግሞ ሰው በቀላሉ አያምኑም።

እሑድ ጣፋጭ ሠሪው ክራቫት አስሮ፣ ልጅዎን ይዳሩልኝ ሊል አባቷ ቤት ሄደ። አባትየው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያፋጥጡት ቆዩና «ላስብበት» ብለው ሸኙት። በር ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ነገራችን ካለፈ ‹አለፈ› ብለሽ ጻፊልኝ። ካላለፈም አትደብቂኝ» አላት።

ሰኞ ጠዋት የሙከራው ውጤት ወጣ። ተመራማሪዋ ከሴሎቹ በታች ያለውን ፈሳሽ መረመረች፤ አላምን ብላ ደገመችው። የእሱ ለውዝ ፕሮቲን፣ ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች በወጉ ባይቆራርጡትም፣ በዚህ ሙከራ ግድግዳውን አልተሻገረም። የሁለት ዓመት ድካሟ ነው። ደስታዋን ለማን ትንገር? ስልኳን አነሳችና፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «አላለፈም» ብላ ላከችለት።

መልስ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች፤ አያነሳም። ሱቁ ሄደች፤ ተዘግቷል። እዚያው ቆማ የላከችውን ቃል መልሳ ስታነበው ነው የእሑዱ አደራ ትዝ ያላት። አባቷን ለምና ዛሬውኑ እንዲወስኑ ለማድረግ እየሮጠች ወደ ቤት ሄደች።

በሩን ስትከፍት ጣፋጭ ሠሪው ሳሎን ውስጥ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ክራቫት የለ፣ ምን የለ፤ ሸሚዙ ላይ ስኳር ደርቆበታል።

«ይኸው ሰውሽ» አሉ አባትየው። «‹ወድቀሃል ተብያለሁ፣ የቱን እንደተሳሳትኩ ይንገሩኝና አስተካክዬ ልምጣ› ይለኛል። ገና አልወሰንኩም ብለውም ከጠዋት ጀምሮ አልነሳም ብሏል።»

«ያላለፈው እኮ ለውዙ ነው» አለች፣ በእፍረት አንገቷን ደፍታ።

ነገሩን ስታስረዳ ጣፋጭ ሠሪው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች። ለካ እየሳቀ ነው።

አባትየው ግን አልሳቁም። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ትናንት ልቤ ወደ እምቢታው አዘንብሎ ነበር» አሉ። «ያ የፊተኛው እጮኛሽ፣ ላስብበት ስላልኩት ብቻ ተቀይሞ ጥሎሽ ሄደ። ይሄም ያው ነው ብዬ ነበር። ይሄ ግን እምቢ የተባለ መስሎት እንኳ መጣ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔ ጨርሻለሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ተመራማሪዋ አንድን ነገር ደጋግማ ሳትመረምር መልስ ሰጥታ አታውቅም። ዛሬ ግን አባቷ አፋቸውን ሳይገጥሙ «እሺ» አለች። ጣፋጭ ሠሪው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ እሷን በአባቷ ፊት ማቀፍ ቢያሳፍረው፣ አባትየውን ጥምጥም ብሎ አቀፋቸው።