የአድማሱ አረንጓዴ ነጥብ

ሕሊና ያን ንግግር ስትሰማ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ተኝታለች ብሎ አባቷ አድማሱ በስልክ ያወራ ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ማን እንደነበር አታውቅም፤ የአባቷን ድምፅ ብቻ፣ እሱንም ቁርጥራጩን ታስታውሳለች።

«መንገዱ ቢቆረጥ ምን ቸገረኝ? ንፋስ መውጫ ቤቴ ቁጭ ብዬ እዚያ ወገዳ ያለውን መጋዘን እከፍተዋለሁ!... ኧረ ቁልፍስ የለውም። ቁጥር ነው በስልኬ የሚላክልኝ፣ በገባሁ ቁጥር አዲስ።... ለማንም አልሰጥም፤ ለሚስቴም ቢሆን።»

ከዚያ ጥቂት አዳመጠ። ያኛው ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቀው አልቀረም። «እኔ ከሞትኩማ...» ብሎ ጀመረና ሳቁን ለቀቀው። የቀረውን እንቅልፍ ወሰደባት።

ስምንት ዓመት አለፈ። ታኅሣሥ ሲያልቅ አድማሱ በእውነት ሞተ። ሕሊናም ያልሰማችውን ግማሽ ንግግር ስታስስ ከረመች።

አሁን ግንቦት ነው፤ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። እናቷ ልዕልት ገበያ ወርዳለች። ሕሊና በሩን ገርበብ አድርጋ ስልኳን ከፈተች። አባቷ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ለገበሬው ምርጥ ዘር ያከፋፍላል፤ ሠራተኞቹም ካሉበት ሆነው የመጋዘኖቹን ሲስተም በኢንተርኔት ይከፍታሉ። ገጹን አወጣች። የአባቷን ስም ጻፈች። ፓስወርዱንም ጻፈች። አንድ ጊዜ እጁ ቆስሎ በፋሻ ታስሮ ሳለ እሱው እየነገራት የጻፈችለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልረሳችውም።

ከዚያ ጠበቀች።

መደርደሪያው ላይ፣ ከፎቶግራፉ ሥር፣ የአባቷ ትንሿ ስልክ ነዘረች። እየተንቀጠቀጠች እንጨቱ ላይ ጥቂት ተንፏቀቀች። ከአርባው በኋላ ለአድማሱ የሚደውል የለም። እሱን ብሎ የሚመጣው ይህ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ብቻ ነበር።

ቁጥሩን አስገባች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አድማሱ።» ከስሙም ጎን አረንጓዴ ነጥብ በራች። ኦንላይን ነው ማለት ነው። አለ ማለት ነው።

ሌላ ነገር አትነካም። የዘሩን ዝርዝር አትከፍትም፤ አንድ ፊደል አትለውጥም። «ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት» የሚለውን መስመር ብቻ ታነባለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስትገባ እዚያ ላይ የነበረው የአባቷ ቀን ነበር፤ ሆስፒታል ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ትራስ ተደግፎ የሠራበት ቀን። በሳምንቱ ስትመለስ ግን ያ ቀን የለም። በቦታው የራሷ ቅዳሜ ተቀምጧል። የአባቷን የመጨረሻ ዱካ በገዛ ጣቷ አጥፍታዋለች። ያን ዕለት ብዙ አለቀሰች። መግባቱን ግን መተው አልቻለችም።

«ሕሊና! አለሽ?»

ዮርዳኖስ ናት፤ የክፍል ጓደኛዋ። ሕሊና ስልኳን ቀሚሷ ሥር ሸጎጠች።

«ስሚማ፣ የወገዳዋን ጉድ ሰማሽ?» ዮርዳኖስ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች። «ወለተ ሚካኤልን ታውቂያት የለ፣ የመጋዘኗን ጸሐፊ? ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ውስጥ መንፈስ ይመጣል ብላ ቄስ ወልደ ሩፋኤልን ጠርታ ጸበል አስረጨች! መንፈሱ ይሂድ አይሂድ እንጃ፣ ኪቦርዱ ግን እዚያው አረፈ።»

ሳቀች። የጓደኛዋን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

«ይቅርታ፣ ፍሬንድ። የአባትሽ ስም ነው አሉ የሚታየው። መቀለድ አልነበረብኝም።» ጫማዋን አየች። «እኔም እንዳላለቅስ ነው የምቀልደው። ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ መጥቷል። በሟች ስም የሚገባው አባቴ ነው እያሉ ነው።»

«ጋሼ ላቀው?»

«ሲስተሙን የሚቆጣጠር እሱ አይደል? ሰው ከሥራ ሲለይ በዚያው ቀን መግቢያውን መዝጋት ያለበት እሱ ነው። አልዘጋውም። የሚገባውም ከዚሁ ከንፋስ መውጫ ነው ይላሉ፤ ኮዱም ልክ ነው። ሌባ ነው ብለው ሰኞ ሊያባርሩት ነው።»

«የጠፋ ነገር አለ?»

«አንዲት ፍሬ አልጎደለም። ግን በሩ ክፍት ከሆነ ነገ ማን ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል አላቸው መርማሪው። እውነቱን ነው እኮ፤ በዚያ ስም አንድ ሰው አንድ ቦታ ቢነካ፣ ለእስቴ ወረዳ የተመደበው ዘር ሁሉ ሌላ ጋ ይሄዳል። ገበሬው ደግሞ ዝናቡን እየጠበቀ ነው።» ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አባቴ ምንም አይመልስም። ሲሰድቡት ቁጭ ብሎ ይሰማል።»

ሕሊና አፏን ከፈተች። ቀሚሷ ሥር ስልኩ ይሞቃል።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። ዮርዳኖስ ስትሄድ እስከ በሩ እንኳ አልሸኘቻትም።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ ላይ ካህኑ ያረፉትን ነፍሳት ሲያስቡ ሕሊና ራሷን ቀና ማድረግ አቃታት። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች ነጠላዋን ሳትፈታ በቀጥታ ወደ ጋሼ ላቀው ቤት ሄደች። የአባቷ ትንሿ ስልክ በእጇ ነበረች።

ላቀው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት ካየችው ሰው ያነሰ መሰላት።

«ነይ፣ ሕሊናዬ። እናትሽ ደህና ናት?»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምገባው። ስሙን ለማየት ነው እንጂ ሌላ ምንም አልነካሁም።» ስልኩን ዘረጋችለት። «ኮዱ እዚህ ነው የሚመጣው።»

አልተቀበላትም። ረጅም ጊዜ ስልኩን አየው።

«እኔም አየው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሥር ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሬን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ። ያቺ ነጥብ ስትበራ፣ መጣ እላለሁ። ማን እንደሆነ መጠየቅ ሥራዬ ነበር። ብጠይቅ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ።»

«ለምን አልዘጉትም?»

«አርባው ሳይወጣ የሰው ስም አልሰርዝም አልኩ። ነውር መሰለኝ። አርባው ወጣ፤ ሰማንያው ይውጣ አልኩ። ሰማንያውም ወጣ፤ እንግዲህ ሙት ዓመቱ ይድረስ አልኩ። ይሄን ለመርማሪው ምን ብዬ ልንገረው?» ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ራሱ ነግሮኝ ነበር እኮ። ሲስተሙ በመጣ ሰሞን፣ ክረምት ላይ፣ በስልክ እያወራን ነበር። ብትሞትስ መግቢያህን ምን ላድርገው ብዬ ቀለድኩበት።»

ሕሊና ጠጋ አለች። «ምን አልዎት?»

«'እኔ ከሞትኩማ በዚያው ቀን ዝጋው፤ ሞቼም ሥራ ልታሠራኝ ነው?' አለኝ። እስኪያስለው ሳቀ።»

የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም።

ከበስተኋላቸው ዮርዳኖስ የውኃ ማሰሮ እንደያዘች ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ትናንት አጠገብሽ ሳለቅስ» አለች፣ «ቀሚስሽ ሥር በሸጎጥሽው ስልክ ገብተሽ ነበር?»

«አዎ።»

ዮርዳኖስ ማሰሮውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሕሊና ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄደች።

«ተያት፣ ይበርድላታል» አለ ላቀው። «አንቺ ግን መርማሪው ፊት አትቀርቢም። ልጅ ነሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔው እወጣዋለሁ።»

«ኮዱ የት እንደሚመጣ ካላሳየኋቸው አያምኑዎትም።»

«እናትሽስ? ይህን ስትሰማ?»

«ዛሬ እነግራታለሁ።»

ላቀው ወደ መንገዱ ዞረ። አንዲት ባጃጅ አቧራ አስነስታ እስክታልፍ ጠበቀ። ሕሊናም ከደጃፉ አልሄደችም።

«የመዝጊያውን ቁልፍ የሚጫኑት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ጊዜ ገብቼ አሳያቸዋለሁ። ከዚያ እርስዎ ይዝጉት። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።»

ከጓዳው የዮርዳኖስ ድምፅ መጣ፤ አሁንም ተቆጥታለች። «እኔም አለሁ። ብቻዋን አትሄድም።»

ላቀው በእጁ ፊቱን አበሰ።

«እሺ» አለ። «ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት። እዘጋዋለሁ።»

ሕሊና ትንሿን ስልክ አየቻት። ባትሪዋ ሊያልቅ ነው።

«ቻርጅ አድርጌያት እመጣለሁ» አለች።